የሪሀና ቆርቆሮ

ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.
ከጨፋ ሮቢት ወደ ጅዳ

ይድረስ ለልጄ ለሪሀና፣

አሰላሙ ዓለይኩም፣ የኔ እናት። አረፋን እንዴት ዋልሽ? እግርሽ አሁንም ያብጣል? እኛ አልሀምዱሊላህ ደህና ነን። ላሟ ወልዳለች፣ እናትሽም ደህና ናት፤ መቀመጥ ያቃተኝ እኔ ብቻ ነኝ። ይሄ ሦስተኛው ወረቀቴ ነው። እጀምርና እነሳለሁ፣ ደጅ ወጥቼ እመለሳለሁ። እናትሽ «እንቁላል ልትጥል ነው እንዴ?» እያለች ትስቅብኛለች።

በስልክ ልነግርሽ ነበር፤ ድምፅሽን ስሰማ ግን ምላሴ ይታሰራል። ባለሱቁ አሚር ይሄን ፎቶ አንስቶ በኢሞ ይልክልሻል። እንዳያነበው አስምዬዋለሁ፤ ማንበቡ ግን አይቀርም።

ነገሩን ላውጣው። ለቤትሽ ብለሽ ያስገዛሽኝን ሰማንያ ቆርቆሮ ሰጠሁት። በአፌ ነው የሰጠሁት፤ ቆርቆሮው አሁንም ግድግዳው ጥግ እንደቆመ ነው።

ስለ ጤና ኬላው ነግሬሽ ነበር። የእርዳታ ድርጅቱ ግድግዳውን፣ በርና መስኮቱን፣ የክትባት ማቀዝቀዣውንም ይችላል። ወረዳው ባለሙያና መድኃኒት ይመድባል። ድንጋዩ፣ አሸዋውና ጣሪያው የኛ የሕዝቡ ድርሻ ነው። ድንጋዩን ሴቶቹ በጀርባቸው አመጡት፣ አሸዋውን ከቦርከና በአህያ ጫንነው። ቅሬው ለከፈንና ለቀብር ያጠራቀማትን እንኳ አውጥቶ ሚስማርና እንጨት ገዛ። ቆርቆሮ ግን ከየት ይምጣ? እስከ ሰኔ ሃያ ቦታው ላይ ካልተገኘ በጀቱ ይዘጋና ገንዘቡ ለሌላ ቀበሌ ይሰጣል። የድርጅቱ መሐንዲስ ቁርጡን ነግራናለች። ደግ ልጅ ናት፤ ግን ሕጉ የሷ አይደለም።

ቅዳሜ፣ በአረፋ ማግስት፣ ሼህ ሙህዲን ቤት ለዱዓ ተቀመጥን። ሰው ሁሉ ተራ በተራ ኒያውን ይናገራል፤ አንዱ ፍየል፣ አንዱ የሦስት ቀን ጉልበት። ሼሁ «ጣሪያውስ?» አሉ። ሁሉም አንገቱን ደፋ። «የልጄ ቆርቆሮ አለ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ለካ የራሴ ነው። ቤቱ በሙሉ «አሚን!» አለ። በዱዓ መሀል አሚን የተባለበት ቃል እንደማይመለስ አንቺም ታውቂያለሽ።

ማታ እናትሽ «ኢንተለ ኮን፣ ልጄን ሳትጠይቅ? የሰባት ዓመት ጉልበቷን በአንድ አሚን?» አለችኝ። በማግስቱ ሼሁ ራሳቸው ጠሩኝ። «ዓብዱ፣ በሰው ሀቅ ስለት የለም። ባለቤቷ ወዳ ካልሰጠች ያ ቆርቆሮ ሀራም ነው። ጠይቃት» አሉኝ።

ይኸው እየጠየቅኩሽ ነው።

አልሰጥም ካልሽ አልቀየምሽም። ቅሬው ፊት ቆሜ «የኔ ያልሆነ ነገር ተናገርኩ» እላለሁ። ማፈሩን እችለዋለሁ። ያ ቆርቆሮ መመለሻሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ባለፍኩ ቁጥር በእጄ የምነካውም ስለዚህ ነው። ቤትሽ ካልተሠራ ትቀሪብኛለሽ ብዬ እፈራለሁ፣ ልጄ። በጣም እፈራለሁ።

ግን ለምን አፌ እንዳመለጠኝም ማወቅ አለብሽ። መሐንዲሷ ቦታውን ስትለካ እዚያው ነበርኩ። ማዋለጃ ክፍሉን ዋርካው አጠገብ ቸከለችው። የዛሬ ስምንት ዓመት ምጥ ይዞሽ አንቺን የተሸከምንበትን ቃሬዛ ያወረድነው እዚያ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ትዳርሽ ፈረሰ፣ አንቺም ጅዳ ሄድሽ፣ በዚህ ቤት ስለሱ የሚያነሳ ጠፋ።

«ትንሽ እንረፍ» ያልኩት እኔ ነኝ። ትከሻዬ ዝሎ ነበር። ሌሎቹ እንቀጥል ብለው ነበር። መኪና መንገዱ ያን ያህል አይርቅም ነበር። ልጁ እዚያው መጣ። ዝናቡ ይወርዳል፣ የሚከልል ነገር የለም፣ ጋቢዬን ዘርግቼ ያዝኩት፤ ጋቢ ምን ይመክታል? አንቺ ራስሽን ስተሽ ነበር። ስትነቂ «ሕይወት አልነበረውም» አልንሽ። የሚቀልልሽ መስሎን ነው። አልቅሷል፣ ሪሀና። ደጋግሞ አለቀሰ፣ ከዚያ ዝም አለ።

ይሄን የጻፍኩት ልቤን አይተሽ ቆርቆሮውን እንድትለቂ አይደለም። ቆርቆሮው ሌላ ነው፣ ይሄ ሌላ ነው። ለቆርቆሮው እሺ ወይም እምቢ በይኝ። ለዚህኛው ግን አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ፣ ከቻልሽ። አሁን ካልቻልሽ እጠብቃለሁ።

አላህ በሰው አገር ከክፉ ዓይን ይጠብቅሽ፣ የደከምሽበትን በረካ ያድርግልሽ፣ በሬን ከፍቼ የምቀበልሽን ቀን ሳያሳየኝ አይውሰደኝ።

አባትሽ ዓብዱ

ደብዳቤውን አጥፌ እንደገና ከፈትኩት። አሚር ሱቁን ሊዘጋ ነው፣ ይቺን ብቻ ልጨምር። ስላለቀሰ ስም ይገባው ነበር። ዝናቡ ውስጥ በጆሮው አዛን አልኩለት፣ ስም አወጣሁለት፣ ሶላት ሰግደንበት ቀበርነው። ስምንት ዓመት ሙሉ ለብቻዬ ስጠራው ኖርኩ።

ልጅሽ ሙጂብ ይባላል።