የአባባ ጅግሶ ዕጣ

ማክሰኞ፣ ሰኔ 3 ቀን 2017፤ ዲላ

ዛሬ በመድኃኒት ሙከራችን ማን ምን እንደወሰደ የሚናገረው ምስጢራዊ ዝርዝር ተከፈተልን። በከባድ የሳንባ ምች ከተኙት ሕሙማን፣ ከዋናው ሕክምና ላይ ስቴሮይድ የተባለው መድኃኒት የተጨመረላቸው ቶሎ ከኦክስጅን ወጥተዋል፤ የሞተውም ከእነሱ ወገን ያነሰ ነው። ያሰብነው ሆነ። ኮሪደሩ ላይ ብቻዬን ስስቅ ነርሶቹ አዩኝ፤ ግድ አልሰጠኝም።

ከዝርዝሩ መጀመሪያ የፈለግሁት የአባባ ጅግሶን ዕጣ ነው። ከዲላ አጠገብ ጪጩ የሚኖሩ ቡና ገበሬ ናቸው። "መድኃኒቱ የሚደርሰው በዕጣ ነው፣ እንደ ዕቁብ" ብዬ ሳስረዳቸው ገባቸው፤ እንዲያውም ከሚገባው በላይ ገባቸው። በማግስቱ አጠገባቸው የተኛው፣ ከገደብ ከተማ የመጣው ሾፌር ሙዘሚል ትንፋሽ ሲያጥረው አይተው አስጠሩኝ።

"ዶክተር፣ ዕጣዬን ለዚህ ልጅ አዙሪለት። ዕቁባችን ላይ የባሰበት ካለ ይለቀቅለታል።"

ይህን ሲሉ እሳቸውም ኦክስጅን ላይ ነበሩ። አይቻልም፣ ለማን እንደወጣ እኛም አናውቅም፣ መጥቀሙም ገና አልተረጋገጠም አልኳቸው። ጨካኝ መሰልኳቸው። ድነው እስኪወጡ ድረስ ፊታቸውን አዞሩብኝ። ሙዘሚልም ዳነ።

ዛሬ አየሁት። አባባ ጅግሶ ከዋናው ሕክምና ጋር ሲወጉ የከረሙት፣ ዕጣው ላልወጣለት የሚሰጠውን ተራ የጨው ውሃ ነው። መድኃኒቱ የወጣው ለሙዘሚል ነበር።

ማታ እስኪሆን አላስቻለኝም፣ ደውዬ ነገርኳቸው። ውሃ ነው የሰጠንዎት መባሉ እንዳይከፋቸው ፈርቼ ነበር።

"ታዲያ ለልጁ ደርሶታል በይኛ" አሉ። "በቃ፣ ታርቀናል።"