የእማዬ የጸሎት ርዕስ

ይድረስ ለምሳሳልሽ ታናሽ እህቴ ለናዝሬት፤

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ? ጉልበትሽ፣ ወገብሽ፣ ያ ብርድ የበላው ጣትሽ እንዴት ነው? አክስታችንስ ደኅና ናት? የስዊድን በረዶ ቀለል አለ ወይስ እንደያዘ ነው? እኛ ጌታ ይመስገን፣ ከናፍቆትሽ በቀር ምንም አልጎደለብንም። ደስታው ግን ሊገድለን ነው። ካሸነፍሽ ሳምንት አለፈ፤ የእኔ ድምፅ ግን እስካሁን አልተመለሰም፤ ደንበኞቼን የማናግረው በምልክት ነው።

በስልክ ስንጯጯህ ከርመን አሁን ደብዳቤ ምን አመጣው ትይ ይሆናል። እማዬ ናት። ለጥየቃ የመጣችው የአክስታችን ጎረቤት ሐሙስ እንደምትመለስ ስትሰማ፣ በስልክ የተባለ ነገር በኖ ይጠፋል፣ ሁሉንም ጽፈሽ ላኪላት፣ የእኔንም ጉድ እንዳትደብቂ አለችኝ። ራሷ ካዘዘችኝ እንግዲህ አልደብቅም።

መስከረም ላይ ደውለሽ ዘንድሮ በዚያ በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ ዒላማ በሚተኮስበት ውድድር ከትልልቆቹ ጋር እንደምትወዳደሪ ነግረሻት፣ አንድ ቀን እንኳ እዪኝ ብለሽ ለምነሻት ነበር። "በልጄ ትከሻ ላይ ጠመንጃ አላይም" ብላ ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝ። ያን ቀን ማልቀስሽ ከድምፅሽ ያስታውቅ ነበር። እሷም እኮ ጓዳ ገብታ አልቅሳለች። ወንድሟ ሞልቱ ጠመንጃ ተሸክሞ ሲዘምት ከሆሳዕና ከተማ የሸኘችው እሷ ናት፤ በዚያው መቅረቱን ታውቂያለሽ። የስፖርት ጠመንጃ ነው ብንላት አልገባትም። ጠመንጃ ለእሷ ጠመንጃ ነው።

ከገና በፊት የነበረውን የመጀመሪያውን ውድድር ያየነው ፀጉር ቤቴ ውስጥ ነው። እሑድ ከቸርች መልስ በሩን ገርበብ አድርጌ የምከፍተው ላንቺ ብዬ ነው፤ ደንበኞቹ ግን ሰምተው ገቡ። ሹሩባ የምትሠራልኝ ዚነት ስልኳን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘችው። የሚያወራው ሰውዬ በጀርመንኛ ይሁን በምን ያንባርቃል፤ አንዲት ቃል አልገባንም። ሁላችሁም ባንዴ ስትነሡ ጀሞ ላይ ባዶ ሚኒባስ የመጣ ነው የመሰለኝ፣ እንዲያ ነው የምትጋፉት። ከዚያ ተኝተሽ ተኮስሽ። አምስቱ ጥቁር ክቦች አንድ በአንድ ነጭ ሆኑ። እኛ ደግሞ ነጭ የሆነው የሳትሽው መስሎን ደረታችንን ደቃን። በኋላ ቆመሽ ስትተኩሺ ሦስቱ ጥቁር እንደሆኑ ሲቀሩማ ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ቢጎዲን የጠቀለልኩላት ሴትዮ ተነሥታ ጨፈረች። ከሌሎቹ ተለይተሽ ያቺን ትንሽ ቀለበት ስትዞሪ ጊዜ ለብቻዋ የክብር ዙር ሰጧት ብዬ ለሁሉም አስረዳሁ። ሃያ ሰባተኛ ሆነሽ ስትገቢ ነው ዚነት ቀስ ብላ፣ "ፅግዬ፣ ስናጨበጭብ የነበረው ለሳተችው ነው መሰለኝ፤ ቀለበቷም ለሳተ ሰው ቅጣት ናት" ያለችኝ።

የእኛ ግን ከእማዬ ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም። ከጥምቀት በኋላ በተደረገው ውድድር ቆመሽ ስትተኩሺ አራት ሳትሽ። ሆድ ባሰኝና ፀጉር ቤቱን ለዚነት ትቼ ወደ ቤት ወጣሁ። የሴቶች የጸሎት ኅብረት እኛ ቤት ነበር። በሩ ጋ ስደርስ የእማዬ ድምፅ ይሰማል፤ "ጌታ ሆይ፣ ከናዝሬት መሣሪያ የሚወጣ ጥይት ምንም ነገር አይምታ! ነፋስ ይውሰደው!" ትላለች። ሴቶቹ ሁሉ አሜን፣ ነፋስ ይውሰደው ይላሉ። እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ለካ ከጥቅምት ጀምሮ የኅብረቱ የጸሎት ርዕስ ይኸው ነው፤ ያውም ከጾም ጋር። አንቺ ደግሞ በደወልሽ ቁጥር፣ ስቆም ነፋሱ አስቸገረኝ ትዪኛለሽ።

ሴቶቹ ሲሄዱ የነፋሱን ነገር ነገርኳት። አልሳቀችም። ታዲያ የምትመታው ምንድን ነው ብላ ጠየቀችኝ። የሻይ ሰሃን የምታህል ብረት ናት አልኳት። ከብረቷ ኋላስ አለች። አፈር ነው አልኳት። "ሰው የለም?" አለች። "ሰው የለም፣ እማዬ።" እንስሳም እንዳይኖር ፈርታ ደግማ ጠየቀች፤ ዶሮ እንኳ ዝር አይልም አልኳት። ከዚያ ወዲያ ስለ አንቺ ውድድር ወር ሙሉ አላነሣችም። በየካቲቱም አላየችሽም፤ የጸሎት ርዕሱ ግን በጸጥታ መሰረዙን ከጎረቤት ሰማሁ። ያኔ አምስተኛ ወጣሽ። እኔ ምንም አልልም፤ ራስሽ ፍረጂ።

የመጨረሻው ውድድር ዕለት እማዬ ከቸርች መልስ ፀጉሬን እጠቢኝ ብላ መጣች። እማዬ እኔ ፀጉር ቤት ታጥባ አታውቅም። አጠብኳት፣ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ አስቀመጥኳትና ፊቷን ወደ ቴሌቪዥኑ አዞርኩት። ሁለቴ ተኝተሽ ተኮስሽ፤ ሁለቴም ሁሉም ነጭ። ሦስተኛው ላይ አንዷ ጥቁር ሆና ቀረችና ቀለበቷን ዞርሽ፣ ወደ ኋላም ቀረሽ። እኔ ተስፋ ቆርጬ ፎጣ ማጠፍ ጀመርኩ። ለመጨረሻው ተኩስ ስትቆሚ ትንፋሽሽ እንደ ጉም ይወጣ ነበር። ያኔ እማዬ ካስኩን ገፋ አድርጋ ተነሣች፤ ፀጉሯ ከነውሃው፣ ፎጣው ትከሻዋ ላይ።

"ጌታ ሆይ፣ አስመታት! ሁሉንም አስመታት!"

ረመዳን ነበርና ዚነት በደረቀ ጉሮሮዋ አሚን አለች። አንዱ ነጭ ሆነ፣ ሌላው ተከተለ። አምስተኛው ላይ ቆየሽ፤ እኔ በቁሜ ሞቼ ነበር። እሱም ነጭ ሆነ። ቀድመውሽ የነበሩት እየሳቱ ወደ ቀለበቱ ሲታጠፉ አንቺ ብቻሽን ወደ ዳገቱ ወጣሽ። ከዚያ ወዲያ ማንም አልደረሰብሽም።

መስመሩን ስታልፊ ጮቤ ረገጥን፤ ደንበኞቹ ከነቢጎዲናቸው በረንዳ ላይ ወጥተው ጨፈሩ። እማዬ ግን በረዶው ላይ ተዘርረሽ ስትተነፍሺ፣ ሰዎች አንሥተው ሲያቅፉሽ፣ ዐይኗን ከትከሻሽ አልነቀለችም። ጠመንጃውን ከጀርባሽ አውርደሽ መደርደሪያው ላይ አስቀምጠሽ በባዶ ትከሻሽ ስትመለሺ ነው እልልታዋን ያቀለጠችው። አቅፌያት አለቀስኩ። እንዴት እንደኮራሁብሽ በምን ቃል ልንገርሽ?

ትናንት ቸርች ለምስክርነት ወጣች። ማይኩን ይዛ፣ አይምታ ብዬ ስጸልይ ጌታ ሰምቶ ልጄን አሳታት፣ አስመታት ስል ደግሞ እሱንም ሰማኝ አለች። ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ፤ ፓስተሩም ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ሳቀ። በዚህ ዓይነቱ ውድድር በዓመቱ ድምር ከዓለም ሦስተኛ መሆንሽን ደጋግማ ተናገረችና፣ "እኔ ባልከለክላት አንደኛ ነበረች" ብላ ተቀመጠች።

ባለቤቴ ቃለሕይወት በርቺልን ብሎሻል፤ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ፎቶሽን ያላሳየው ሰው የለም። ልጄ ቤተልሄም የመጥረጊያ እንጨት አዝላ በካልሲ ኮሪደሩ ላይ ስትንሸራተት ትውላለች፤ አክስቴን ሳሚልኝ ብላለች። ዚነትም ትናንት ዒድ ነበርና የበዓሉን ይዛልን መጥታ፣ ድርሻሽን ስለበላንልሽ ይቅርታ በሉልኝ ብላለች። የጸሎት ኅብረቱ እናቶች ነፋሱን መልሰናል፣ አትስጊ ብለዋል። አክስታችንን ጉልበቷን ሳሚልኝ።

እማዬ አሁን አጠገቤ ተቀምጣ ይህችን በቃሌ ጻፊልኝ ትለኛለች፦ "ናዝሬቴ፣ ሞልቱን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ጠመንጃውን ሲያነግት ነው። ይሄን ሁሉ ዘመን በሕልሜም የሚመጣው እንደተሸከመ ነበር። አንቺ ስታወርጂ ካየሁ ወዲህ ግን እሱም አውርዶ መጣልኝ። ተባረኪ ልጄ።"

እህትሽ ፅጌረዳ
ጀሞ፣ ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ አዲስ አበባ
መጋቢት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.