እድላዊት ያስተማረቻቸው

ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.
አዲስ አበባ፣ ላፍቶ

ይድረስ ቤይሩት ለምትገኘው ለውድ ባለቤቴ ለፀሐይወርቅ

ፀሐይዬ፣ ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽን ትንሽ ተሻለሽ? እኔም ሚሳኤልም እድላዊትም ቆመን እንሄዳለን፤ ፈጣሪ ይመስገን። በየሳምንቱ በስልክ እየተያየን ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምሽ አይቀርም። ስትደውዪ እድላዊት ሁልጊዜ አጠገቤ ናት፣ በአንዲት ክፍል ቤት ውስጥ ደግሞ የት ተደብቄ አወራለሁ? እዚያ ያለችው ጓደኛሽ ሸጊቱ ዕረፍቷን ጨርሳ ወደዚያው ስለምትመለስ በእጇ ልኬልሻለሁ። ብቻሽን ስትሆኚ አንብቢው።

ልጃችን እድላዊት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና እንዳላለፈች ነግራሻለች። እንዴት እንደወደቀች ግን አልነገረችሽም።

ሶሻል እማራለሁ ባለች ጊዜ ጎረቤቱ ሁሉ «ይህን የመሰለ ጭንቅላት ይዛ!» ብሎ ማዘኑን ታስታውሻለሽ። አንቺ ነሽ «የወደደችውን ትማር» ያልሽው፤ ደግም አድርገሻል። ካርታ ስታይ ፊቷ እንዴት እንደሚበራ ታውቂያለሽ። አምና አሥራ ሁለተኛ እንደገባች የጂኦግራፊ አስተማሪያቸው ቲቸር ኮርሳ ሥራውን ለቀቀ። ምትክ ይመጣል ተባለ፣ አልመጣም። ክፍለ ጊዜው ሲደርስ ልጆቹ ወሬ ይዘው ይቀመጣሉ። አንድ ቀን እድላዊት ተነስታ ጠመኔውን ያዘች።

ከዚያ ወዲያ አስተማሪዋ እሷ ሆነች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ መጽሐፉን ዘርግታ ለነገ የምታስተምረውን ታዘጋጃለች። ጎማ ከምጠግንበት ጎሚስታ የተቀደደ ካላማዳሪ፣ ያንን የጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ ወስዳ ጭቃ ቀባችው፤ ጭቃው ሲደርቅ ጎማውን በሁለት እጇ ለጠጠችውና ጭቃው መሐል ለመሐል ተሰነጠቀ። «አባዬ፣ ስምጥ ሸለቆ እንዲህ ነው የተፈጠረው» አለችኝ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ካላማዳሪ ስለጥፍ እንዲህ ያለ ነገር ይገኝበታል ብዬ አላውቅም። «ሒሳብሽስ?» ስላት «እደርስበታለሁ» ትላለች። አልደረሰችበትም።

ለፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚወስዳቸው አውቶቡስ ጋ ብርድ ልብሷን ተሸክሜ ሸኘኋት። ልጆቹ በመስኮት ተንጠራርተው «ቲቸር እዱ! እኛ ጋ ነይ!» ይሏታል። በዚያ ሰዓት ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ ምነው አጠገቤ በሆንሽ ብዬ ነበር።

ውጤት የወጣ ዕለት ስልኳን አየችና በደረቷ ይዛ ቆየች። «አልመጣልኝም አባዬ» ብቻ አለችኝ። በጂኦግራፊ ከትምህርት ቤቱ አንደኛ ናት። የጣላት ሒሳቡና እንግሊዝኛው ነው። ሪሚዲያል የሚሉት ማካካሻ አለ ሲሉኝ ተስፋ አድርጌ ነበር፤ ለእሱም አልበቃም።

ከክፍሏ ያለፉት ጥቂት ናቸው። አንዱ የጎረቤታችን የቀመሪያ ልጅ ሱልጣን ነው። በማግስቱ ቀመሪያ ልጇን አስከትላ፣ ትልቅ ዳቦ ይዛ መጣች። የእኛይቱን መውደቅ አልሰማችም። ገና ከበር «የልጄ አስተማሪ የታለች?» ብላ እልልታዋን አቀለጠችው። ሱልጣን ቀሚሷን ይጎትታታል፣ እሷ መች ትሰማዋለች! እድላዊት ተነስታ ልጁን አቀፈችው። «ኮራሁብህ» አለችው።

«አንቺስ የኔ እናት፣ የት ልትገቢ ነው?» አለቻት ቀመሪያ።

«እኔ ገና ነኝ እትዬ።»

ቀመሪያ ያኔ ነው የገባት። ዳቦውን እኔ እጅ ላይ አድርጋ አንገቷን ደፋች። እኔም የት እንደማኖረው ጠፍቶኝ ተሸክሜው ቆምኩ። እንግዶቹ ሲወጡ ልጄ አልቅሳ እንደሆነ ዞር ብዬ አየኋት። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ቲቸር ኮርሳንም አገኘሁት። አሁን ታክሲ ይነዳል፤ ጎማ ተንፍሶበት እኔው ዘንድ መጣ። ልቆጣው አስቤ ነበር። ማን መሆኔን ሲያውቅ ሳልጠይቀው «የማሳድጋቸው ልጆች አሉኝ ጋሼ» አለኝ። ጎማውን ሠርቼ፣ ነፍቼ ሸኘሁት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ባለፈው ቅዳሜ እድላዊት ምሳዬን ይዛልኝ ሥራ ቦታ መጣች። በልቼ እስክጨርስ ጠበቀችና «አባዬ፣ ፓስፖርቴ ወጥቷል» አለችኝ።

«የምን ፓስፖርት?»

«የቤት አያያዝ ሥልጠናውን ጨርሻለሁ። ሪያድ የምሠራበት ቤት ተገኝቶልኛል።»

ጎማ ላይ ተቀመጥኩ። «በግል ተመዝግበሽ እንደገና ተፈተኚ እንጂ! እኔ እሠራለሁ» አልኳት።

«እስከ መቼ? እማዬ የሄደችው እኔ እንድማር ነው። ተማርኩ፣ አልሆነም። አሁን እሷ ትምጣ፣ እኔ ልሂድ። ወንድሜን ሚሳኤልን እኔ አስተምረዋለሁ።»

እንደ ትልቅ ሰው ረጋ ብላ ነው የምታወራው። «የሰው አገር ቤት ውስጥ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ?» ስላት ደግሞ «እማዬ ስንት ዓመት ሠርታ ደህና አይደለች? ስትደውል ሁሌ ደህና ነኝ አይደል የምትለው?» አለችኝ።

የምሳ ዕቃውን አጥቤ መለስኩላት ፀሐይ።

ልከለክላት ዕድሜዋ ደርሷል። ልቆጣት እንዳልል ይህን ቤት ያቆምሽው አንቺ እንጂ እኔ እንዳልሆንኩ ታውቃለች። ታላላቅ ሰዎች ሰብስቤ ላስመክራት አሰብኩ፣ ግን የየትኛው ቤት ልጅ ዐረብ አገር ሳይሄድ ቀርቶ ማን ይመክራታል? ሚሳኤል ዘንድሮ አሥራ አንደኛ ሲገባ «ሶሻል ይሻለኛል ናቹራል?» ብሎ ጠይቆን ነበር። ይህን ግባ የሚለው ሰው አጣ። ብቻውን መርጦ ገባ።

ሸጊቱን ስለ አንቺ ጠየቅኳት። «ደህና ናት» አለችና ስለ ቤይሩት ሙቀት ማውራት ጀመረች። «ቀኝ እጇን ምን ሆና ነው ከካሜራው የምታሸሸው?» ስላት ተነስታ የታጠፈውን ልብስ እንደገና ታጥፍ ጀመር። ከዚያ በላይ አልጠየቅኳትም። ሰምቼስ ምን ላደርግ?

እድላዊት እኔ ብነግራት አታምነኝም፤ እኔ እዚያ አልኖርኩም። አንቺን ግን ታምንሻለች። ለእኔ መናገሩ ከከበደሽ ግድ የለም፣ በዚህ ዓርብ ስትደውዪ ስልኩን ለእሷ ሰጥቼ ሚሳኤልን ይዤ እወጣለሁ። ደህና ነኝ አትበያት። እጅሽን አሳዪያት።

ብስራተ ገብርኤል ከእሳቱ መሐል እንዳወጣቸው ልጆች አንቺንም ያውጣልኝ። የምትረግጪው መሬት ይቅናሽ፤ በሰላም ያገናኘን።

የልጆችሽ አባት
ገሠሠ