ለእንግዳ ቀን ስለተቆለፈችው የማይክሮስኮፓችን ማጣሪያ

ለተከበሩ አቶ አንተነህ፣
የድንጋይ ምርመራ ክፍል ኃላፊ፣
ደብረ ማርቆስ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ ይልቁንም ከኪስዎ ለማይለየው የቁም ሳጥን ቁልፍ ደህንነት ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ። በአደባባይ መጻፌ ድፍረት ከመሰለዎ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

፩ኛ. የማይክሮስኮፓችንን ሁለተኛ የብርሃን ማጣሪያ፣ እንዳትቧጨር አስበው፣ ከላይ እንግዳ ለሚመጣበት ቀን በጨርቅ ጠቅልለው ስለቆለፉልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ድንጋዩን ብርሃን እስኪያሳልፍ ፍቀን፣ አቅጥነን፣ በመስታወት ላይ ለጥፈን ስናየው፣ አንዱን ማዕድን ከሌላው የሚለየው ቀለም የሚወጣው በዚያች ማጣሪያ ነው። ያለ እርሷ ደህናውም የበሰበሰውም አንድ ስለሚመስል፣ ድንጋይን ሁሉ በእኩል ዓይን እንድናይ አስተምረውናል።

፪ኛ. መሪጌታ ወልደ ገብርኤል ከደብረ ኤልያስ ወዲያ ካለች ደብር፣ ለቅኔ ተማሪዎቻቸው ማደሪያ የሚሆን ድንጋይ ሊያስመረምሩ በመጡ ጊዜ፣ ውጤቱ በዚያው ቀን እንዲወጣ እርስዎ ስላዘዙም አመሰግናለሁ። ቁልፉን ብጠይቅዎ እንግዳ አለመኖሩን አስታወሱኝ። መሪጌታ በር ላይ ቆመው ነበር።

፫ኛው ቅሬታ በእርስዎ ላይ ቢሆን እንዴት በወደድሁ። ድንጋዩ ለግንባታ ይሆናል ብዬ የፈረምሁት እኔ ነኝ። መሪጌታ በደንብ አይቼው እንደሆነ ሲጠይቁኝም አዎ አልኋቸው። የማደሪያው ግድግዳ አንድ ክረምት እንኳ ሳይሻገር ተፈረካክሶ ወደቀ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተማሪዎቹ ቅዳሴ ላይ ነበሩ። ባለፈው ወር እንግዶች መጥተው ማጣሪያዋ ስትወጣ፣ ያስቀመጥሁትን ናሙና ተደብቄ አየሁት፤ ውሃ ሲጠጣ የሚያብጥ የሸክላ ማዕድን ሞልቶበታል። የአገሬው ሰው ግን ማኅተም ያለበትን ወረቀታችንን አምኖ፣ ጥፋቱን ግድግዳውን በሠራው ግንበኛ በደምለው ላይ ጣለ። ዛሬ የከብት በረት እንኳ የሚያሠራው የለም። እኔም ገበያ ላይ ሳየው መንገድ እቀይራለሁ፤ አፍሬአለሁ።

ስለዚህ ደምለው ጥፋት እንደሌለበት፣ ድንጋዩም በወጉ ሳይታይ እንደተፈረመበት በስሜ አረጋግጣለሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይህንኑ ደብዳቤ በደብሩ ቅጥር ግቢ፣ እርሱ ባለበት፣ ራሴ አነባለሁ።

የጥንቃቄዎ ተጠቃሚ፣ የዓይኑ ግማሽ በቁም ሳጥንዎ የሚያድር፣ ትሑት ታዛዥዎ
የኔአለም ታዲዮስ፣ የድንጋይ መርማሪ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ማጣሪያዋን ለማውጣት አይቸኩሉ። ደምለው በመጀመሪያው ቀን ድንጋዩን በመዶሻ መታ አድርጎ፣ ድምፁን ሰምቶ፣ ይህ ለግድግዳ እንደማይሆን ተናግሮ ነበር አሉ። ዝም ያለው የእኔን ፊርማ ሲያሳዩት ነው።