አንድ ጊዜ ከወንበራቸው የወረዱት፦ የቄስ ዶክተር አርቺባልድ ቶረንስ የሕይወት ታሪክ

«ዶክተር ቶረንስ፣ ወይ ይቀመጡ ወይ ይውረዱ። ሰብሳቢ ሆኖ መከራከር የለም» አሉ ሽማግሌ ሂዩ ጊልፊላን፣ ለሦስተኛ ጊዜ።

«እየተከራከርኩ አይደለም። አንድ ነገር እያስረዳሁ ነው» አሉ ቄስ ቶረንስ።

«ማስረዳትዎ ሩብ ሰዓት አለፈው። የስብከትዎ መግቢያ እንኳ ከዚህ ያጥራል።»

ከቦርዱ አባላት ሁለቱ ሳቁ። ቀኑ ማክሰኞ፣ ሰኔ 21 ቀን 1887 ነበር፤ ቦታው የግሌንከርን ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት። የተያዘው ጉዳይ ሴቶች ልጆች እንደ ወንዶቹ በኮሌጁ መዝገብ ተጽፈው ይማሩ ወይስ አይማሩ የሚል ነበር። ቃለ ጉባኤውን ይይዝ የነበረው የቄስ ቶረንስ የወንድም ልጅ፣ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ፣ ይህን ሁሉ «ጥቂት የሐሳብ ልውውጥ ተደረገ» ብሎ አሳጥሮ ጽፎታል። ዛሬ ግን ልናሳጥረው አይገባንም።

ቄስ ዶክተር አርቺባልድ ቶረንስ ከአባታቸው ከአቶ ማቲው ቶረንስ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኢዛቤል ፐርዲ፣ መጋቢት 11 ቀን 1829 በምዕራብ ፔንሲልቬንያ፣ በዋሽንግተን አውራጃ ተወለዱ። አባታቸው ከአየርላንድ የመጡ ሸማኔ ሲሆኑ፣ ልጃቸውን ማንበብ ያስተማሩት መወርወሪያውን በአንድ እጅ፣ የሃይማኖት ትምህርቱን መጽሐፍ በሌላው እጅ ይዘው ነበር። ቄስ ቶረንስ በሰባት ዓመታቸው የአጭሩን የሃይማኖት ትምህርት አንድ መቶ ሰባት ጥያቄዎች ከነመልሳቸው በቃላቸው ይወጡ ነበር። እናታቸው ግን ልጁ መልሱን ሳይጠየቅ ስለሚናገር ይገሥጹት እንደነበር ያወሱ ነበር።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤት ካጠናቀቁ በኋላ፣ በ1846 በምሥራቅ ኦሃዮ ወደሚገኘው ግሌንከርን ኮሌጅ ገቡ። ኮሌጁ ያን ጊዜ ሁለት ክፍሎችና አንድ ተኩል መምህር ነበረው፤ ግማሹ መምህር ከሰኞ እስከ ረቡዕ ብቻ የሚመጣው የአጎራባቹ ቤተ ክርስቲያን ቄስ ነበር። በ1850 ተመረቁ። ከዚያም የነገረ መለኮት ትምህርታቸውን ፈጽመው በ1853 በስቶን ክሪክ ምእመናን ላይ ቄስ ሆነው ተሾሙ። በዚያም አሥራ ስምንት ዓመት አገለገሉ። ስብከታቸው ከአንድ ሰዓት አንሶ አያውቅም፤ ከምእመናኑም ማንም ቅሬታ አላቀረበም፤ ሰው የሚጠግበው ያን ጊዜ ነበርና።

በ1855 ከወይዘሮ ማርጋሬት ሺልድስ ጋር ጋብቻቸውን ፈጸሙ። ሦስት ልጆች ወለዱ፦ ሮበርትን፣ ሳሙኤልን እና አግነስን። ሳሙኤል በ1866 በአራት ዓመቱ በቀይ ትኩሳት አረፈ። ቄስ ቶረንስ ስለዚህ ልጅ በመድረክ ላይ አንድም ቀን አልተናገሩም፤ ወይዘሮ ማርጋሬት ግን የልጁን ጫማ በባለቤታቸው የዕብራይስጥ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ አስቀምጠውት ነበር፤ ቄሱም አላነሱትም።

በ1871 ግሌንከርን ኮሌጅ ፕሬዚዳንት እንዲሆኑ ጠራቸው። የስቶን ክሪክ ምእመናን አንለቅም ብለው በአካባቢው የካህናትና የሽማግሌዎች ጉባኤ ፊት ሁለት ጊዜ ተሟገቱ፤ በሦስተኛው እያለቀሱ ለቀቋቸው። ኮሌጁ በዚያን ጊዜ ሰማንያ ተማሪዎች፣ አራት መምህራን፣ አንድ የጡብ ሕንፃና አንድ ደወል ነበረው። ፕሬዚዳንት መሆን ማለት የሥነ ምግባር ፍልስፍና ማስተማር፣ የዕብራይስጥ መምህሩ ሲታመም ዕብራይስጥ ማስተማር፣ እሑድ መስበክ፣ ጣሪያው ሲያፈስ መሰላል መያዝ፣ ያጠፋ ተማሪ ላይም መፍረድ ነበር።

ስለ ፍርዳቸው አንድ ነገር እናንሣ። በ1874 የጸደይ መግቢያ ላይ አምስት ተማሪዎች በሰንበት ቀን፣ ግንዳቸው ሲበሳ ጣፋጭ ውሃ ከሚያንጠባጥቡት የሜፕል ዛፎች ሥር የሞሉትን ባልዲዎች ሲያነሡ ተያዙ። የሜፕል ጣፋጭ ውሃ ደግሞ ሰንበት ነው ብሎ መፍሰሱን አያቆምም፤ ካልተነሣም ሞልቶ ይፈስሳል። መምህራኑ ለሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ወገን «ይባረሩ» አለ፤ ሌላው ወገን ራሱ በቤቱ ባልዲ ነበረውና ዝም አለ። ቄስ ቶረንስ የሁሉንም ቃል ሰምተው ሲያበቁ፣ በሰንበት የሞላ ባልዲ ማንሣት በጉድጓድ የወደቀን በሬ እንደ ማውጣት ይቆጠራል፣ ስኳር እስኪሆን እሳት ላይ ጥዶ ማፍላቱ ግን እስከ ሰኞ ይቆያል ብለው ወሰኑ። ልጆቹ ግን በዚያው ዕለት ማታ አፍልተው በልተውት ኖሮ፣ መቶ አሥራ ዘጠነኛውን መዝሙረ ዳዊት በሙሉ በቃላቸው እንዲያጠኑ ተፈረደባቸው። ከአምስቱ ሦስቱ ዛሬ ቄሶች ናቸው፤ ሁለቱ እዚሁ ተቀምጠዋል።

መስማት ግን ለእርሳቸው ቀላል ነገር አልነበረም። በኮሌጁ ደንብ መሠረት ፕሬዚዳንቱ ቦርዱን ይሰበስባል እንጂ የቦርዱ አባል አይደለም። በተያዘው ጉዳይ ላይ አይናገርም፤ ድምፅም የሚሰጠው ዐሥሩ አባላት እኩል ሲከፈሉ ብቻ ነው። መናገር ከፈለገ ወንበሩን ለዕድሜ ባለጸጋው አባል ለቅቆ ይወርዳል፤ ጉዳዩ ድምፅ እስኪሰጥበትም አይመለስም። ቄስ ቶረንስ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ከዚያ ወንበር አልወረዱም። ወይዘሮ ማርጋሬት «እዚያ ያልተናገሩትን ቤት ይዘውት ይመጣሉ፤ ቦርዱ በየዓመቱ ሰኔ ላይ አንድ ቀን ይሰበሰባል፣ እኔ ግን እስከ መስከረም እሰበሰባለሁ» ይሉ ነበር።

ልጃቸው አግነስ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ በኮሌጁ ክፍሎች በስተኋላ፣ ከምድጃው አጠገብ፣ «እንግዳ» ተብላ ትቀመጥ ነበር። ሦስት ዓመት ተቀመጠች። የግሪክኛው መምህር ፈተናዋን አርሞ ውጤቷን በእርሳስ ይጽፍላት ነበር፤ በቀለም ለመጻፍ ስሟ መዝገብ ላይ መኖር ነበረበት። አራተኛውንና የመጨረሻውን ዓመት እንደ እንግዳ ጨርሶ መመረቅ ግን አይቻልም ነበር። በ1887 ለቦርዱ የቀረበው ጥያቄ በወረቀት ላይ ስለ ሴቶች ልጆች ሁሉ የሚናገር ቢሆንም፣ ቤቱ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ስለ ማን እንደሆነ ያውቅ ነበር።

ወደዚያ ማክሰኞ እንመለስ። አባላቱ አምስት ለአምስት መሆናቸውን ቄስ ቶረንስ አስቀድመው ያውቁ ነበር። ዝም ብለው ቢቀመጡ የመጨረሻው ድምፅ የእርሳቸው ነው። የሰማንያ አንድ ዓመቱ ሽማግሌ ጄምስ ብራተን፣ የሴቶቹ ልጆች ደጋፊ፣ ጆሯቸው ስለከበደ እያንሾካሾኩ መስሏቸው «አርቺባልድ፣ አርፈህ ተቀመጥ፤ አምስት ነን» አሉ። እስከ ደጁ ተሰማ።

ቄስ ቶረንስ ተቀመጡ። ያን ጊዜ ሽማግሌ ጊልፊላን ንግግራቸውን ቀጠሉ። «ልጅቷን አልወቅስም» አሉ። «ግሪክኛ የምትማረው ቤት ውስጥ ሌላ የሚያናግራት ስላጣች ነው። ባል ብታገኝ በአንድ ሳምንት ትረሳዋለች።»

ቄስ ቶረንስ ተነሡ። «ወንበሩን እለቃለሁ» አሉ።

«እኔን እዚያ አታስቀምጡኝ» አሉ ሽማግሌ ብራተን። «እኔ ድምፅ ልሰጥ ነው የመጣሁት።»

«ደንብ ነው፣ አቶ ብራተን» አሉ ጊልፊላን። «በዕድሜ ከእርስዎ የሚበልጥ ኖኅ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ የኛ ቦርድ አባል አይደለም።»

ቄስ ቶረንስ ያደረጉትን ያወቁት በመድረኩ ደረጃ ላይ አንድ እግራቸውን አውርደው ሳለ እንደሆነ በኋላ ተናግረዋል። ግን ወርደዋል ተብሎ በቃለ ጉባኤ ተጽፎ ነበርና አልተመለሱም። አርባ ደቂቃ ተናገሩ። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ እንደዚያ የተናገረ ሰው በዚያ ክፍል አልተሰማም። ድምፅ ሲቆጠር አራት ለአምስት ሆነ፤ ሽማግሌ ብራተን ከሰብሳቢው ወንበር ላይ ሆነው እጃቸውን ማንሣት አይችሉም ነበር። ጊልፊላን መጥተው እጃቸውን ጨበጧቸው። «በዕድሜዬ ከሰማሁት ንግግር ሁሉ ይበልጣል» አሉ። «ዝም ብለው ቢሆን ግን አሸንፈውኝ ነበር።»

አግነስ በረንዳው ላይ ትጠብቃቸው ነበር።

«ስንት ለስንት?» አለች።

«አራት ለአምስት።»

«አምስት ለአምስት አልነበረም እንዴ?»

«ነበረ። እኔ ተናገርኩ።»

አግነስ «ንግግሩስ ጥሩ ነበር?» ብላ ጠየቀች።

«ጥሩ ነበር ይላሉ» አሉ አባቷ።

አንድ ጊዜ የተወሰነ ጉዳይ እስከሚቀጥለው ዓመት ስብሰባ አይነሣም። አግነስ በመስከረም ወር በካንሳስ ሜዳ ላይ ባለች ትንሽ ከተማ መምህርት ሆና ሄደች። አባቷ ሻንጣዋን ራሳቸው ተሸክመው ባቡር ላይ አወጡላት፤ ሌላ ሰው እንዲይዘውም አልፈቀዱም።

በሰኔ 1888 ጉዳዩ እንደገና ቀረበ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ብዙ ተባለ። ለገዛ ልጁ ሲል አንደበቱን መግዛት ያቃተው ሰው ኮሌጅ ይገዛል ወይ ተብሎም ተጠየቀ። ቄስ ቶረንስ በዚያ ሁሉ ጊዜ «ሌላ የሚናገር አለ?» ከማለት በቀር አንድ ቃል አልወጣቸውም። አምስት ለአምስት ሆነ። «ሰብሳቢው ይደግፋል» አሉ፤ ቀጥለውም የጣሪያውን ጥገና ጉዳይ አነሡ። ሽማግሌ ብራተን በዚያው ክረምት አረፉ።

ለአግነስ በዚያው ዕለት ቴሌግራም ተላከ። መልሷ ከሳምንት በኋላ በደብዳቤ መጣ። አርባ ሦስት ልጆች እንዳሏት፣ ከእነርሱም አሥራ አንዱ ገና ማንበብ እንደጀመሩ፣ እሷ ብትሄድ ትምህርት ቤቱን የሚይዝ ሰው እንደሌለ ጻፈች። አልመጣችም። አባቷም ነይ ብለው ሁለተኛ አልጻፉም። የእርሳስ ውጤቶቿ ዛሬም በግሪክኛው መምህር ደብተር ውስጥ አሉ።

በዚያ መስከረም በኮሌጁ መዝገብ የተጻፈችው የመጀመሪያዋ ሴት ተማሪ ኤልስፔት ጊልፊላን ናት፤ የሽማግሌ ጊልፊላን የልጅ ልጅ። አያቷ ራሳቸው በጋሪ አምጥተዋት «ሕግ ከሆነ ሕግ ነው፤ ከሆነ ደግሞ የኔዋ ከኋላ አትሰለፍም» አሉ። ቄስ ቶረንስ ስሟን በገዛ እጃቸው በቀለም ጻፉ። ወይዘሮ ማርጋሬት እንደተናገሩት፣ ያን ቀን እራት ሳይበሉ ጥናት ክፍላቸው ውስጥ ቆዩ። በ1892 ኤልስፔት ስትመረቅ ወረቀቷን የሰጧት እርሳቸው ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ሃያ ስድስት ሴቶች ልጆች ተመርቀዋል።

ቄስ ቶረንስ ለሃያ አምስት ዓመታት ከመሩት ኮሌጅ በ1896 በክብር ተሰናበቱ። ወይዘሮ ማርጋሬት በ1898 ሲያርፉ አግነስ ከካንሳስ ተመልሳ በከተማችን ትምህርት ቤት እያስተማረች አባቷን ትረዳ ጀመር። ሽማግሌ ጊልፊላንም በየሐሙሱ ይመጡ ነበር፤ ሲመጡ አንድ የሚከራከሩበት ነገር ይዘው፣ ሲሄዱም ሳይጨርሱት።

ከ1900 በጋ ጀምሮ የልብ ሕመም ጸንቶባቸው እግራቸው ያብጥ ነበር። ልጃቸው ዶክተር ሮበርት በየሁለት ሳምንቱ ከፒትስበርግ እየመጣ ሲያክማቸው ቢቆይም፣ ሐሙስ የካቲት 7 ቀን 1901 ከቀትር በኋላ በሰባ አንድ ዓመታቸው ዐርፈዋል።

ከኋላቸው የቀሩት ልጃቸው ዶክተር ሮበርትና ባለቤቱ፣ ልጃቸው አግነስ፣ አራት የልጅ ልጆች፣ በስቶን ክሪክ የሚኖሩት እኅታቸው ወይዘሮ ጄን እና በእጃቸው ያለፉ ከአራት መቶ በላይ ተማሪዎች ናቸው። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ለሞተ ሰው አንጸልይም፤ ነፍሱ በታመነው ጌታ እጅ ናትና። ስለ እርሳቸው ግን እናመሰግናለን፤ ዕረፍታቸው የጻድቃን ዕረፍት እንደሆነም እናምናለን። ሐዘንተኞችን የመጽናናት አምላክ ያጽናናቸው።

የመጨረሻው ሰዓት እንዴት እንደነበረ ብዙዎቻችሁ ጠይቃችኋል። ሽማግሌ ጊልፊላን እንደ ልማዳቸው መጥተው ነበር። ቄስ ቶረንስ በመስኮቱ አጠገብ፣ እጆቻቸውን በጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠዋል። የተነሣው ነገር ሴቶቹ ተመራቂዎች በምረቃው ቀን ንግግራቸውን ራሳቸው ያሰሙ ወይስ እስከ ዛሬ እንደሚደረገው መምህር ያንብብላቸው የሚል ነበር።

«መምህሩ ቢያነብላት ምን ይጎድላታል?» አሉ ጊልፊላን።

«እርስዎ የጻፉትን ደብዳቤ ጎረቤትዎ ቆሞ ቢያነብልዎ ደስ ይልዎታል?» አለች አግነስ።

«ጎረቤቴ ማንበብ አይችልም።»

«አይቀልዱ፣ አቶ ጊልፊላን።»

«አልቀለድኩም፤ ጠይቂው። ልጄ፣ ድምፃቸው እስከ ኋላ ወንበር አይደርስም ነው የምልሽ።»

«የኔ ይደርሳል።»

«ያንቺማ ይደርሳል። እሱን አጥቼው ነው?»

በዚህ መሀል፣ በየትኛው ቃል ላይ እንደሆነ ሁለቱም ሳያውቁ፣ ቄስ ቶረንስ ሄዱ። አግነስ ዞር ብላ አየቻቸውና «እንቅልፍ ወስዷቸዋል፤ ድምፃችንን ዝቅ እናድርግ» አለች። ሽማግሌ ጊልፊላን ወንበራቸውን ወደ እሷ ጠጋ አደረጉ፤ እሷም ካቆመችበት ቀጠለች።