ስኳር አልቋል ያልኩ ዕለት

ሰኞ፣ ሚያዝያ 14፣ 1977

ከፋሲካ ወዲህ የምሸጥበት የቀበሌ ሱቅ ጭር ብሏል። ዛሬ ለቀበሌው ስኳር፣ ጨውና ሳሙና ገባ። አራግፈን ደረደርን። ስኳሩ በኩፖን ነው፣ ለአንድ ቤት ሁለት ኪሎ። የመጣው ጥቂት ሰው ነው። "ወሩ መች አለቀ" እያለ ሁሉም ይዘገያል። ለእኔ ጥሩ፤ ወገቤ አረፈ።

ከባሌ ከሙሉጌታ ደብዳቤ የለም። ለሰፈራ ዘመቻ ኢሉባቦር ከሄደ አራተኛ ወሩ... አስተማሪ ምን ጎጆ ያቆማል?

ስመለስ ጎረቤቴ ጫልቱ ሁለት ቆሮሶ ዓሣ ይዛ ጠበቀችኝ። ባሏ ኩማ ጠዋት ከሐይቁ ያወጣው ነው። "እሾሁን ለቅመሽ ለየሺ ስጫት" አለችኝ። ልጄ የሺ የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል፤ ጫልቱ በሷ መሳቅ ትወዳለች። ራሷ አልወለደችም።

ኩማ ከግቢው ሆኖ፣ "ከሐይቁ ማዶ ሰው እየሞተ ነው አሉ" አለ። 

"በምን?" አልኩት። 

"ሆዱን እየያዘው።" 

አማቴ እማማ ወለተጊዮርጊስ አማተቡ። እኔ ዓሣውን ጨው ነሰነስኩበት።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 17

ቀበሌ ተሰበሰብን። ሊቀመንበሩ ጓድ በኃይሉ ጮኸ። "ተራ ተቅማጥ ነው! ሌላ ስም እየሰጠ ሕዝብ የሚያሸብር አድኃሪ ነው፤ እርምጃ ይወሰድበታል!" 

ከዚያ ጤና ረዳቷ ብዙነሽ ተነሳች። እሷም ስሙን አልጠራችም። ውሃ አፍሉ። እጅ ታጠቡ። የታመመ ካለ አንድ ሊትር የፈላ ውሃ፣ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው... ሲያስመልስም፣ ሲያስቀምጥም ያለማቋረጥ አጠጡት። "ሰው የሚሞተው ሰውነቱ ደርቆ ነው" አለች። ሁለት ጊዜ ደገመችው።

ስንወጣ ሰው ሁሉ በጆሮ ይንሾካሾካል። ኮሌራ። ያልተጠራ ስም እንዴት እንደሚያስፈራ!

ዓርብ፣ ሚያዝያ 18

በሩን ስከፍት ሰልፉ ወፍጮ ቤቱን አልፏል። አብዮት ጥበቃዎቹ በዱላ ሊያስተካክሉት ሞከሩ፤ አልቻሉም። ሁሉም ስኳር፣ ሁሉም ጨው። ሳሙና በእቅፍ። ሁለት ሴቶች አንድ ሳሙና ሲጓተቱ ለሁለት ተሰበረና እየተሰዳደቡ ግማሽ ግማሹን ይዘው ሄዱ። አንድ ሽማግሌ መሬት የፈሰሰ ጨው ከነአፈሩ በባርኔጣቸው ሲያፍሱ አየሁ። የማውቃቸው ሰዎች ናቸው። በሰላሙ ቀን "አንተ ቅደም፣ አንቺ ቅደሚ" የሚባባሉ።

መሃል ከተማም እንዲሁ ነው አሉ። ሎሚ የለም፣ ነጭ ሽንኩርት የለም፣ በረኪና የለም። ነጋዴው አቶ ጠሀ ሱቁን ዘግቶ ጠፍቷል።

ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ስኳሩ አለቀ። ማለቴ... ለሰው አለቀ። 

ሰልፉ ሳይበረታ ከጆንያው አምስት ኪሎ ቀንሼ ከባንኮኒው ሥር አስገብቼ ነበር። የእኔ ድርሻ ሁለት ኪሎ ነው። ሦስቱ የማን ነው? አላውቅም። በዘንቢል፣ ከላዩ ጎመን አድርጌ ወጣሁ። በእማማ ሳጥን ውስጥ ከታች ከተትኩት። ለየሺ ነው። አባቷ አጠገቧ የለም። እኔ ካልያዝኩላት ማን ይይዝላታል?

እሑድ፣ ሚያዝያ 20

ጫልቱ መጣች። ነጠላዋን እንኳ በወጉ አልለበሰችም። ኩፖኗ በእጇ ነው። "ኩማ ከሌሊት ጀምሮ እየፈሰሰ ነው። ብዙነሽ ያለችው ውሃ... ስኳር ስጪኝ። የኔን አልወሰድኩም እኮ። ዓርብ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ዓሣ ስጠርግ ዋልኩ።"

የራሷ ድርሻ ነው የጠየቀችኝ። 

"አልቋል" አልኳት። 

"ቤትሽስ የለም? አንድ ብርጭቆ?" 

"ጫልቱ ሙች፣ የለም።" 

በሷው ሙች አልኩ። አፌን ምን ነካው?

ጨው ሰጠኋት። "ክሊኒክ ውሰጂው" አልኳት። ፊቷን ሳላይ ነው የተናገርኩት፤ ጨው የምቋጥርበትን ወረቀት ነበር የማየው።

ቢታወቅ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው የሚሉት። ባለፈው ዓመት በአንድ ጆንያ ስንዴ የታሰረው ሰውዬ እስከ ዛሬ አልወጣም። ለአንዷ ከሰጠሁ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል... ይሄን ሁሉ ሳስብ ዋልኩ። እሷ ፊት ቆሜ ግን አልሰጠኋትም።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 21

ኩማ ሞተ። 

ጠዋት በጋሪ ነው የወሰደችው። መጀመሪያ ባለ ጋሪው እምቢ ብሎ ነበር፤ ለምናው፣ እግሩ ላይ ወድቃ። ክሊኒኩ ግቢ የተተከለው ድንኳን ሞልቶ መሬት ላይ አስተኙት። ስምንት ሰዓት ላይ አረፈ። አስከሬኑን አልሰጧትም። ከሌሎች ጋር ኖራ አልብሰው ቀበሩት፤ የት እንደሆነ አልነገሯትም።

ብቻዋን ተመለሰች። እድሩ ድንኳን አልጣለም፤ ተከልክሏል። ሰውም አልመጣም። ያ ሁሉ ከኩማ ዓሣ በነጻ የበላ ሰፈር! ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ደረቷን ስትመታ በአጥሩ ቀዳዳ አየኋት። 

እኔም አልሄድኩም።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 22

ሱቁ ባዶ ነው። የሚሸጥ ክብሪት ብቻ።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 23

የላብ አደሮች ቀን ነው። ሰው እንዳይሰበሰብ ብለው ለቅሶ የከለከሉት ሰዎች ለሰልፍ ቤት ለቤት ጠሩን። በፀሐይ አቁመው አስጨበጨቡን።

ጊዮርጊስም ነው። ስመለስ እማማ ሳጥናቸውን ከፍተው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ለቤተ ክርስቲያን ንጹሕ ነጠላ ሊያወጡ ነበር። ስኳሩን ጭናቸው ላይ አስቀምጠውታል። 

"ይሄ ምንድን ነው?" 

"ስኳር ነው፣ እማማ።" 

"እሱንስ አያለሁ፣ አይን አለኝ። ኩማ ሲሞት እዚህ ነበር?"

ሳጥኑን ልዘጋ ጎንበስ አልኩ። 

"ይሄ ሳጥን የመገነዣዬ ነው" አሉ። "ከመገነዣዬ ጋር አስተኛሽው?"

"ለየሺ ብዬ ነው..." 

"በየሺ አታሳብቢ።" 

 ቢሰድቡኝ ይሻል ነበር። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ፣ ምርኩዛቸውን ያዙ። ቤተ ክርስቲያን አልሄዱም። ጫልቱ ጋ ሄደው አጠገቧ ተቀመጡ። ከሰፈሩ ሰው መጀመሪያ ለቅሶ የደረሱት እሳቸው ናቸው። እስኪመሽ ድምፃቸውን እሰማ ነበር።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 24

እማማ ሲነጋ ቀሰቀሱኝ። "ያዛት።" ጫልቱን ነው።

ውሃ አፈላሁ። ስድስት ማንኪያ፣ ግማሽ ማንኪያ። ሁለቴ ደፋሁት። አይኗ ጎድጉዷል፣ የጣቷ ቆዳ ተጨማዷል፤ ከሦስት ቀን በፊት ያየኋትን ሴት አትመስልም። በማንኪያ አጠጣኋት፤ አስመለሰች። አጠጣኋት፤ አስመለሰች። ከሥሯ የማወጣው ጨርቅ... አልጽፈውም።

ከሰዓት በኋላ አንድ ብርጭቆ ሆዷ ውስጥ ቀረ። አይኗን ገለጠች። "ይጣፍጣል" አለች። ቆየችና፣ "ከየት አገኘሽው?" 

"ጠጪ ዝም ብለሽ" አልኳት።

ብዙነሽን በሩ ላይ ይዤ ጠየቅኳት። ኩማ ይሄን ቢጠጣ ይድን ነበር ወይ? "በጊዜ የጠጣ አብዛኛው ይድናል" ብላኝ ወደ ሌላ ቤት ሮጠች። አብዛኛው። ኩማ ከአብዛኛው ውስጥ ነበር ወይስ ከቀሪው? ማን ይነግረኛል?

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 26

ጫልቱ ቁጭ ብላለች። በሽታው ግን በሰፈሩ አስራ አንድ ቤት ገብቷል።

ሴቶቹን በየቤቱ እየዞርኩ ጠራኋቸው፤ የሴቶች ማኅበር ስብሰባ ነው ብዬ። ሃያ ያህል መጡ። ስኳሩን መሃላቸው አስቀመጥኩት። "አምስት ኪሎ ነበር፤ የቀረው ይሄ ነው። ከእናንተ ራሽን ነው የሰረቅኩት" አልኩ።  

ሸዋዬ፣ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ሚስት፣ ብድግ ብላ ወጣች። ልትከሰኝ ነው ብዬ ነበር። ተመልሳ መጣች፤ በጣሳ ስኳር፣ በጨርቅ ጨው። "የኔም ጣራ ላይ ነበር" አለች። አንዷ ሳሙና አመጣች፣ አንዷ ከሰል። ለካ ሁላችንም ቤት አለ። በየአልጋው ሥር፣ በየእህሉ ውስጥ... ይሄ ሁሉ እያለ ነው ሰው በጥም የሚሞተው።

በርሜል አጥበን፣ ውሃ ሞልተን፣ እማማ ባሉት ቦታ ጣድን። የሚያፈላ፣ የሚለካ፣ በየቤቱ የሚያዞር ብለን ተራ አወጣን።

ወደ ማታ ገደማ ጋሪ መጣ፤ ከላዩ ማገዶ። ከማገዶው ሥር አንድ ጆንያ ስኳር። ባለ ጋሪው "አቶ ጠሀ ስሜን አትጥሩ ብሏል" አለን። ሱቁን የዘጋው እንዳይወርሱበት ፈርቶ ነበር። እሱም እንደኔው።

ሰኞ፣ ግንቦት 5

ሁለት ሰው ዛሬ ቀበርን። ማለቴ ቀበሩብን። ከበርሜሉ የሚጠጡት ግን ብዙዎቹ እየተነሱ ነው።

ጫልቱ ተጠናክራለች። ደጃፏ ላይ ኩባያ ታጥባለች፤ ለበርሜሉ። አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ። ከሌላ ሰው ከምትሰማ ብዬ። "ጫልቱ፣ ያን እሑድ ስኳር ነበረኝ።" 

የያዘችውን ኩባያ አጥባ ጨረሰች። ደፋችው። 

"ስንት?" 

"አምስት ኪሎ።" 

"የኔ ድርሻ እዚያ ውስጥ ነበር?" 

"ነበር።" 

ተነስታ ገባች። በሩን ዘጋችው። ቀስ ብላ ነው የዘጋችው።

የቀሩትን ኩባያዎች እኔ አጠብኩ።

ሰኞ፣ ግንቦት 12

ከዓርብ ጀምሮ ቀበሌ ታስሬ ነበር። ዛሬ ወጣሁ። እንዴት እንደወጣሁ እዚህ ልጻፈው፣ እንዳይጠፋኝ።

ከሃያዎቹ አንዷ ተናግራለች። ማን እንደሆነች ማወቅ አልፈልግም። ጓድ በኃይሉ ሕዝቡን ሰብስቦ መሃል አቆመኝ። በሱቅ ሠራተኛነቴ ሕዝብ በድያለሁ፤ አሻጥረኛ ነኝ። "ምስክር!" አለ። ጫልቱን አስነሱ። ጥቁር ለብሳለች፣ አጥንቷ ቀርቷል። 

"ይህች ሴት ስኳር ከልክላሽ ባልሽ ሞቷል። ተናገሪ።"

አላየችኝም።  

"እኔ የዳንኩት በሷ ስኳር ነው" አለች። 

"ስለ ባልሽ ነው የጠየቅኩሽ!" 

"ባሌን የቀበራችሁበትን አሳዩኝ። እዚያ ቆሜ ስለሱ እናገራለሁ።"

ከአዳራሹ ኋላ አንዲት ሴት፣ "የኔንም ልጅ አሳዩኝ" አለች። ከዚያ ሌላ ድምፅ። ከዚያ ብዙ። በኃይሉ ጠረጴዛውን መታ፤ መታ... አብዮት ጥበቃዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። እነሱም የቀበሩት ሰው አለ። ስብሰባው ተበተነ። ማታ ከሥራ ተባረሻል ብለው ለቀቁኝ።

በር ላይ ጫልቱ ቆማ ነበር። እግሯ ላይ ወደቅኩ። 

"ተነሺ" አለችኝ። "ላንቺ ብዬ አይደለም። አንቺን ቢበሉሽ የሺን ማን ያሳድጋታል?" 

ከፊት ከፊቴ ሄደች። ሰፈር እስክንደርስ ተከተልኳት።

ዓርብ፣ ግንቦት 30

የኩማ አርባ። 

አዲስ ታማሚ ካጣን ዘጠኝ ቀን ሆነን። በሽታው ጠፍቷል የሚል የለም፤ እንዲያው ሰው ቀና ብሎ መራመድ ጀምሯል። ለማናቸውም ብለን በርሜሉን አላወረድንም። መቃብሩን እስከ ዛሬ አላሳዩዋትም። ስለዚህ አሞራ ገደል ወረድን። የኩማ ጀልባ እንደታሰረ ነው። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ትተው ቆሙ። ያን ሰሞን ያልመጣው ሰፈር ሁሉ ዛሬ መጣ፤ እድሩም፣ አቶ ጠሀም ከነሚስቱ። የአርባ ቀን ለቅሶ በአንድ ጠዋት ተለቀሰ። እማማ ሙሾ አወረዱ። እኔ ከሁሉም ኋላ ነበርኩ። ሙሾውን አልተቀበልኩም። በምን አፌ?

ቤት ስንመለስ ንፍሮ ተዘረጋ። ሁሉም ገባ። እኔ በሩ ላይ ቀረሁ። ልመለስ ስል ጫልቱ ወጣች። እንስራው አጠገብ ቆማ አየችኝ። ከዚያ እሑድ ወዲህ ቀጥ ብላ ስታየኝ ይሄ የመጀመሪያዋ ነው። እኔም አይኔን አልሰበርኩም፤ እንደምንም። ይቅር ያለችኝ አይመስለኝም። እንዲህ የሚል ነገር ፊቷ ላይ አላየሁም።

"ምን ይገትርሻል?" አለች። "ነገ የበርሜሉ ተራ የኔና ያንቺ ነው። እንጨቱ እርጥብ ነው፣ በጊዜ ነይ።"

እሺ አልኳት።