የጀሪፉን ቤት ያልገዛሁበት ምክንያት

ካርቱም፣ ካላክላ
ኅዳር 2018 ዓ.ም.

እማዬ፣ እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ? የጎንደር ብርድ ሲገባ እንደሚብስብሽ አውቃለሁ። እኔ ደኅና ነኝ። መብራት በቀን ጥቂት ሰዓት ይመጣል፤ ውሃም አንዳንዴ።

«በአባትሽ ውርስ ቤት ገዝተሽ አከራዪና ወደ እኔ ነይ» ባልሽው መሠረት እዚሁ ካርቱም ጀሪፍ ሰፈር ሄጄ ነበር። ሰው እየተመለሰ ስለሆነ ዛሬ ያየሽው ቤት ነገ ተሽጧል። ደላላው ያሳየኝ አራት ክፍል ነው፤ መስኮቶቹ በጦርነቱ ተነቅለው ተወስደዋል፣ ጣሪያው ግን ደኅና ነው። የቤቱ ባለቤት ሐጃ ከውሰር የሚባሉ አሮጊት ናቸው፤ ከሰላ ከተማ እህታቸው ዘንድ ሊሄዱ ነው የሚሸጡት።

ሙሄዲን የሚባል ነጋዴም ቤቱን ፈልጎት ነበር። እኔና እሱ እኩል ዋጋ ሰጠን። ሐጃ ግን የጠየቁን ስለ በሩ ነው። ልጃቸው ሙሃብ ጦርነቱ በጀመረ ሰሞን ዳቦ ሊገዛ እንደወጣ አልተመለሰም። «ሲመጣ ቤቱን እንዳያጣው አረንጓዴውን በር አትንኩት» አሉን። ሙሄዲን ወዲያው «ኢንሻአላህ» አላቸው። በመንገዱ በኩል ያለው ግንብ ፈርሶ ሱቅ ካልወጣለት ቤቱ እንደማያዋጣ ደላላው ነግሮኝ ነበር፤ ግንቡ ከፈረሰ በሩም አብሮ ይነሳል። እኔ ግን ይህንኑ ነገርኳቸው። አመሰገኑኝና ለሙሄዲን ሸጡለት።

በሳምንቱ በዚያ ሳልፍ በሩ የለም፤ ሠራተኞች ብሎኬት ይደረድራሉ። ሙሄዲን አይቶኝ ሻይ ጋበዘኝ። ስለ በሩ ብጠይቀው፣ እሺ ማለቱ ልባቸውን ካሳረፈላቸው ምን ክፋት አለው አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም። ሻዩን ጠጣሁ። የሐጃን ስልክ ቁጥር ከመንገዱ ማዶ ላለው ባለሱቅ ሰጥቼ፣ ሙሃብ የሚባል ከመጣ እንዲደውልላቸው ለምኜው ተመለስኩ።

ደላላው ሌላ ቤት አገኘልኝ፤ ሄጄ አላየሁትም። የዚህ የካላክላው ቤት አከራዬ «ካልጨመርሽ ልቀቂ» ብሎኝ ስለነበር፣ ከውርሱ የሦስት ዓመት ኪራይ አስቀድሜ ከፈልኩት። ጣሪያው እንደሚያፈስ ታውቂያለሽ። ኪሳራ መሆኑንም አውቃለሁ፤ አትቆጪኝ። ዘንድሮ አልመጣም።

ስለ አማችሽ፣ ስለ ባሌ ስለ አባስም ጠይቀሽኛል። ጦርነቱ የጀመረ ቀን ጠዋት ከዚሁ ቤት ወጥቶ፣ ወንዝ ተሻግሮ ባሕሪ ወደ ሥራው እንደሄደ ነው። ሰዎች የሚሉትን ሰምቻለሁ። አንቺም ሰምተሽ ከሆነ፣ እባክሽ አትጻፊልኝ።

ፈጣሪ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ ደጅሽ ሰላም ይደር፤ ለጎረቤቶችሽ ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስ።

የምትወድሽ ልጅሽ